የአስናቀው ቱንቢ

አድማሴ ለሦስተኛ ጊዜ ሲስት ከርከሮው ለመሮጥ እንኳ አልቸኮለም። ጥይቱ አጠገቡ አፈር ሲያቦንን ቀና ብሎ አድማሴ ወዳደፈጠበት ካብ አየና፣ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ፣ ሲመላለስ በማሽላው መካከል ባበጀው መንገድ ወደ ገደሉ በሶምሶማ ወረደ። ጎሕ ከቀደደ ገና ምንም ያህል አልቆየም። አድማሴ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ የተሰበሩትን አገዳዎች እያየ ተቀመጠ።

«ዛሬም ግብሩን ተቀብሎ ሄደ?» አለ ከኋላው አስናቀው።

አስናቀው ግንበኛ ነው፤ የአድማሴ ጎረቤትና አብሮ አደግ። ከርከሮውን «ግብር ሰብሳቢው» ብሎ የሰየመው እሱ ነበር፤ ባለቤቱ ሳይቀምስ ድርሻውን ስለሚያነሣ። ስሙ ጸድቆ በወይራ አምባ ሕፃናቱ ሳይቀሩ እንዲያ ይሉታል።

«ሄደ» አለ አድማሴ።

«ደረሰኝ አልሰጠህም?»

አድማሴ ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። ማሽላው የራሱ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልከበደው ነበር። ማሽላው የብዙዬ ነው።

ወይራ አምባ ከመካነ ሰላም በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ፣ ደጋው አልቆ መሬቱ ወደ ዓባይ ማዘንበል ከሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ያለች መንደር ናት። የብዙዬ ማሳ ደግሞ ከሁሉም ዝቅ ብሎ ከገደሉ አፍ የተጠጋው ነው። ባሏ ታደለ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ያለቻት አንዲት ልጅ የኔአለም መካነ ሰላም ላይ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ክፍል ተከራይታ አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እየወረደች ስንቋን ይዛ ትመለሳለች። ስንቁ የሚወጣው ከዚሁ ማሳ ነው። ዘመኑ ሁለት ሺህ ሁለት፣ ወሩ ኅዳር ነበር፤ ያምናው እህል ተሟጦ ጎተራው ሥር የቀረው ጥቂት ቁና ነው። የኔአለም ይህን ስታይ ለእናቷ ቁርጡን ነገረቻት፤ ማሽላው ከገባ ትምህርቷን ትቀጥላለች፣ ካልገባ ጥር ላይ አቋርጣ ጅዳ ትሄዳለች። ለፓስፖርት የሚሆነውን ፎቶ ተነሥታለች፤ ደላላውንም አነጋግራለች። አላለቀሰችም፤ ገበያ ደርሼ ልምጣ እንደሚል ሰው ነበር የተናገረችው። ብዙዬም ለአድማሴ የነገረችው እንደዚያው አድርጋ ነው። እሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የቀመሰው እህል አልጣመውም።

ለዚህ ምክንያት ነበረው። ከስምንት ዓመት በፊት አድማሴን የሳንባ ነቀርሳ ጥሎት ነበር። መድኃኒቱ በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየሄዱ የሚዋጥ በመሆኑ መካነ ሰላም ዘመድ ቤት ስምንት ወር ተቀመጠ። ሚስቱ ወርቂቱ እሱን ለማስታመም ትመላለስ ነበር፤ ልጆቹም ገና ለእርሻ ያልደረሱ ነበሩ። ያን ዓመት መሬቱን ያረሱት፣ የዘሩት፣ ያረሙትና ያጨዱት ታደለና ብዙዬ ናቸው። ድኖ ሲመለስ ጎተራው እስከ አፉ ሞልቶ፣ በሬዎቹ ሰብተው አገኛቸው። ከእህሉ እንዲያነሡ ቢለምናቸው ታደለ ተቆጣ። ምስጋናውን ሊናገር አፉን ሲከፍት ታደለ ደግሞ፣ «ያ ቀዩ በሬህ ቀኝ እግሩን ሸፈፍ ያደርጋል፤ አይተኸዋል?» ብሎ እጁን ይዞ ወደ ጋጣው ወሰደው። በሬው ምንም አልሆነም ነበር። ነገ እነግረዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግረዋለሁ ሲል ዓመታት አለፉና ታደለ ሞተ። ያልተባለችው ቃል አድማሴ ደረት ውስጥ ቀረች። በየሰንበቴው፣ በየማኅበሩ ብዙዬን ባያት ቁጥር ትነሣበታለች፤ ግን በየጊዜው ለሚያገኛት ሴት ከዓመታት በኋላ ድንገት ምን ብሎ ይጀምራል?

እንግዲህ ከርከሮው የመጣው በዚህ ላይ ነው። ቀን ቀን ብዙዬ ከማማው ላይ ሆና ወፉን በወንጭፍ ትከላከላለች። ከርከሮው ግን የወንጭፍ ድንጋይ ሲያርፍበት ዝንብ ያረፈበት ያህል እንኳ አይቆጥረውም። በቀበሌው ክላሽ የያዙት ሚሊሻዎች ለእያንዳንዷ ጥይት ስለሚጠየቁ ለከርከሮ አይተኩሱም። የቀረው የአድማሴ ውጅግራ ነው፤ አባቱ የተወለት፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ፣ በአንዴ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ረጅም ጠመንጃ። ፈቃድ አለው። የቀበሌው ሊቀመንበርም ለሰብል ጥበቃ ከሆነ እንዲተኩስ፣ ግን ከወዲያ ማዶ ሰውና ከብት አለመኖሩን እንዲያጣራ ነግሮታል። ችግሩ ጥይት ነበር። አባቱ ጥይቱን የሚያፈሱት ራሳቸው ነበሩ፤ እንደ ጉጠት የሚከፈት የብረት ቅርጽና አምስት ቀለሃ ከነባሩዱ ትተውለታል። ምን ዓይነት እርሳስ እንደሚያቀልጡ ግን አልነገሩትም፤ እሱም ሳይጠይቃቸው ሞቱ።

ስለዚህ በራሱ አሰበ። ከርከሮው በጭቃ ተለቅልቆ ስለሚደርቅ ቆዳው ጡብ ነው። የክላሽ ጥይት ደግሞ እንደሚታየው ጠንካራ ነው። እንግዲያው የሚያስፈልገው የተቻለውን ያህል የጠነከረ እርሳስ ነው። አስናቀውም በዚህ ተስማማ። አድማሴ መካነ ሰላም መናኸሪያው ጀርባ ወዳለው ጎሚስታ ሄዶ፣ ከመኪና ጎማ ጠርዝ ላይ ለሚዛን የሚመቱትን ትንንሽ እርሳሶች ለመነ። መንገዱ እየነቀነቀ የሚጥላቸው ብዙ ስለሆኑ ጎሚስታው በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ሙሉ ሰጠው። በጥፍሩ ቢጭራቸው አይጫሩም፤ ደስ አለው።

አቅልጦ ሲያፈስ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረ። ቀጥቃጩ ማረሻ ሲያበጅ ብረቱን ከእሳት አውጥቶ ውሃ ያጠጣዋል፤ ውሃ ያልጠጣ ማረሻ ጭንጫ ሲነካ ይታጠፋል። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። አድማሴም እያንዳንዷን ጥይት ከነትኩሳቷ ከቅርጹ በቀጥታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣላት። በእርግጥም ጠነከሩ። ድንጋይ ላይ ሲጥሏቸው እንደ ሳንቲም ጮኹ። አስናቀው አንዷን በጣቶቹ አገላብጦ፣ «ይህቺ ከርከሮውን አልፋ ዓባይን ተሻግራ ጎጃም ነው የምታርፈው» አለ።

የት እንዳረፈች የሚያውቅ የለም እንጂ ከርከሮው ላይ አላረፈችም። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም እንደዚሁ።

ያን ዕለት ጠዋት፣ ከሦስተኛው መሳት በኋላ፣ አድማሴ በመጀመሪያ ማድረግ የነበረበትን አደረገ። የማካሮኒ ካርቶን ቀዶ ከገደሉ ግርጌ አፈሩ ላይ ተከለና አርባ እርምጃ ርቆ፣ ጠመንጃውን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ሁለት ጊዜ ተኮሰ። ሊያይ ሲሄድ አንደኛው ቀዳዳ ከሌላው በክንድ ይርቃል። ይበልጥ ያስገረመው ግን የቀዳዳው መልክ ነበር። ክብ አይደለም፤ እንደ ባቄላ ፍሬ ረዘም ያለ ነው። ጥይቱ በአፍንጫው ሳይሆን በጎኑ ተጋድሞ ነበር ካርቶኑን የበሳው። አፈሙዙን በዘንግ ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ ሲወለውል ጨርቁ ላይ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ግራጫ ልጣጭ ወጣ።

ቅዳሜ ማለዳ ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልሎ፣ የፈቃዱን ወረቀት ኪሱ ከትቶ፣ ካርቶኑን አጥፎ ብብቱ ሥር አድርጎ፣ ቅርጹንና የተረፉትን ጥይቶች በከረጢት ይዞ ወደ መካነ ሰላም ወጣ። የሄደው ወደ ጋሽ ሀምዱ ነው። ጋሽ ሀምዱ ከገበያው ዳር ባለች ጠባብ ዳስ ውስጥ ከቆርቆሮ ኩራዝ የሚሠሩ፣ የሚያፈስ ማንቆርቆሪያ የሚበይዱ ሽማግሌ ናቸው። እርሳስና ለብየዳ የሚሆነው ነጭ ቆርቆሮ ሲቀልጥ ሲያዩ ሃምሳ ዓመት ኖረዋል። አባታቸው ደግሞ በጃንሆይ ጊዜ ለአገሬው ጥይት ያፈሱ እንደነበር አድማሴ ሰምቷል።

ጋሽ ሀምዱ ጤናውን፣ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን በየተራ ጠይቀው፣ ለእያንዳንዱ አልሃምዱሊላህ ብለው ሲጨርሱ ካርቶኑን ተቀበሉት። ረጅሙን ቀዳዳ ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ከጠንካሮቹ ጥይቶች አንዷን ተቀብለው በጥፍራቸው ጫሩ፤ ምልክት የለም። ድንጋይ ላይ ጣሏት፤ ጮኸች። ወደ አፈሙዙ ሲያስጠጓት ደግሞ ሳትቸገር ገብታ እንደ ዘነዘና በሙቀጫ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለች።

«አብሽር» አሉ። «ጠመንጃህ አልታመመም። አርጅቶ ነው።»

ከዚያ ከመደርደሪያቸው አውራ ጣት የምታህል እርሳስ አወጡ። ስትወድቅ ድም የምትል እንጂ የምትጮህ አልነበረችም። ዘይት ቀብተው በአፈሙዙ አስገቡና በብረት ዘንግ እየገፉ በወዲያኛው በኩል አወጧት። ለአድማሴ ሲያሳዩት በዙሪያዋ የጠመንጃው የውስጥ መስመሮች በሙሉ ተቀርጸውባታል። የውጅግራው ጉሮሮ በመቶ ዓመት ተኩስ ተፍቆ ሰፍቷል፤ ጠንካራዋ ጥይት ግድግዳውን ሳትነካ በመካከሉ እየተላጋች ነው የምትወጣው፤ እሳቱም በጎኗ እያለፈ ይልጣታል። ለስላሳዋ ግን ባሩዱ ከኋላዋ ሲገፋት ትነፋና ጉሮሮውን ትሞላዋለች፤ መስመሩን ነክሳ ትሽከረከራለች፤ በአፍንጫዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ጋሽ ሀምዱ ይህን ሁሉ ያስረዱት በዚያች አውራ ጣት በምታህል እርሳስ ነው።

«ለጥርስ አልባ ሽማግሌ ቆሎ ነው የሰጠኸው» አሉ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ገንፎ ልስጠው?»

«ገንፎማ አፉ ላይ ይለጠፋል። እንጀራ ስጠው። ለስለስ ያለ፣ ግን ሲያነሡት የማይበጠስ።»

እንጀራ ያሉት የድብልቁን ልክ ነበር፤ ሃያ እጅ ንጹሕ ለስላሳ እርሳስ፣ አንድ እጅ ነጭ ቆርቆሮ። ውሃ ማጠጣት የሚባል ነገር የለም። ቆርቆሮውን እሳቸው ይሰጡታል። እርሳሱ ግን ከየት ይምጣ? የእሳቸው ያችው አውራ ጣት የምታህለዋ ብቻ ናት። የመኪና ባትሪ እንዳይነካ አጥብቀው አስጠነቀቁት፤ ጢሱ ሳንባ ይበላል፣ ከነቀርሳ የዳነ ሰው ደግሞ ለሳንባው ሊሳሳለት ይገባል አሉ። ጥፍር የሚቀበል፣ ሲወድቅ የማይጮህ እርሳስ ፈልግ ብለው ሸኙት።

አድማሴ ገበያውን ዞረ፤ ብረታ ብረት ሻጮች ዘንድ ያገኘውን ሁሉ በጥፍሩ ሲጭር ሳቁበት። አጥቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከከተማው መውጫ አስናቀውን አገኘው። ልጆቻቸው ዐረብ አገር ላሉ ቤተሰብ በብሎኬት ቤት እየሠራ ነበር። ቱንቢውን ከግድግዳው ጫፍ አንጠልጥሎ ግንቡ ቀጥ ማለቱን ሲመለከት ክሩ ከእጁ አመለጠውና ቱንቢው የመቆሚያው እንጨት ላይ ወደቀ።

ድም አለ።

አድማሴ ሄዶ አነሣው። እንቁላል የሚያህል፣ ከላይ ክር የሚያልፍበት ድቡልቡል እርሳስ ነው። አንድ ጉንጩ ደጋግሞ ከመውደቁ የተነሣ ተቀጥቅጦ አብጧል። በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫረው። ምልክቱ ቅቤ ላይ እንዳለ ጭረት ቁልጭ ብሎ ቀረ። ቀና ሲል አስናቀው እያየው ነው።

«አይሆንም» አለ አስናቀው።

«ገና ምን አልኩና?»

«ምንም አላልክም። ግን አይሆንም።»

ያን ቱንቢ ሙያውን ያስተማሩት ግንበኛ፣ መምሬ ያለው፣ ሊሞቱ ሲሉ ነበር የሰጡት። ሃያ ስድስት ዓመት ይዞታል። ግንበኛ ያለ ቱንቢ ምንድን ነው? አድማሴ ይህን ስለሚያውቅ አልለመነውም። ጋሽ ሀምዱ ያሉትን ብቻ ነገረው፤ ስለ ጉሮሮው፣ ስለ ቆሎውና ስለ እንጀራው። አስናቀው እየሰማ ግንቡን ቀጠለ። አንድ ብሎኬት አስቀመጠ፤ ሌላ አስቀመጠ፤ ሲሚንቶውን በግንበኛ ማንኪያው ጠረገ። ሦስተኛውን አንሥቶ እጁ ላይ እንደያዘው ዘወር አለ።

«የኔአለም ዛሬ ነው የምትወርደው?»

«ወርዳለች። መንገድ ላይ ተላለፍን። የመጨረሻውን ዱቄት ልትወስድ ነው።»

አስናቀው ብሎኬቱን መልሶ መሬት አስቀመጠ። ክሩን ከቱንቢው ፈትቶ በጣቱ ላይ ጠቀለለና ኪሱ ከተተ።

«ክሩ የኔ ነው» አለ። ቱንቢውን አድማሴ መዳፍ ላይ ሲያኖረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ብትስት ቤትህን አንጋድጄ ነው የምገነባልህ።»

«አሁን ያለሁበትን የተንጋደደ ቤት የገነባው ማን ነበር?»

«ዝም ብለህ ሂድ።»

አድማሴ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ተመልሶ ጋሽ ሀምዱ ዘንድ ሄደ፤ እሳቸውም ከዳሳቸው ጀርባ ወዳለው ቤታቸው አስገቡት። እርሳሱን ለመመዘን የገበያ ሚዛን አይበቃም ነበር፤ አንድ እጅ ከሃያ በዓይን አይለይም። የጋሽ ሀምዱ ልጅ ሀጀራ ግን አራት ዓመት ጅዳ ሠርታ ስትመለስ ለኬክ ዱቄት የሚለካ፣ ግራም በቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ሚዛን አምጥታለች። ሀጀራ እርሳሱ ሚዛኗን እንዳይነካ ወረቀት አነጠፈች፤ የነካውም ዕቃ ሁሉ ወደ ወጥ ቤት እንዳይመለስ አስጠነቀቀች። ቱንቢው አራት መቶ ስልሳ ግራም ሆነ። ቆርቆሮውን እየቆነጠረች ሃያ ሦስት ላይ አቆመችው።

ለማን እንደሆነ ስትጠይቀው አድማሴ ነገራት። ሀጀራ የተረፈውን ቆርቆሮ ወደ ጎን አደረገች። ጅዳን አልረገመችም። ከዚያ ባገኘችው ይህ ቤት ጣራው ተለውጧል፣ እናቷ ታክማለች፣ አላህን ታመሰግናለች። ግን ስትሄድ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች፤ ስትመለስ ጓደኞቿ አስተማሪ ሆነው ጠበቋት። ማሽላው ቢገባም ባይገባም ያቺ ልጅ ሳትወስን በፊት ቅዳሜ መጥታ እንድታነጋግራት እንዲነግርላት ጠየቀችው። አድማሴ አመሰገናት። ያን ቀን ስንተኛው ምስጋና እንደሆነ ራሱም አላወቀውም፤ ለሌላው ሁሉ እንዲህ በቀላሉ የሚወጣው ቃል ለአንዲት ሴት ብቻ እምቢ ማለቱ ገረመው።

ከጓሮ፣ ነፋሱ ጢሱን በሚወስድበት በኩል እሳት አነደዱ። ቱንቢው በብረት ጭልፋ ውስጥ ሲቀልጥ አድማሴ ዓይኑን ማንሣት አቃተው። ያበጠው ጉንጭ መጀመሪያ ላላ፣ ከዚያ የክሩ ቀዳዳ ተደፈነ፣ ከዚያ ሁሉም እንደ መስተዋት ተንጣለለ። ቆርቆሮው ገብቶበት ተማሰለ። የመጀመሪያዋን ጥይት ከቅርጹ ሲያወጣ እጁ በልማድ ወደ ውሃው ባልዲ ሄደ። ጋሽ ሀምዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እጁን መልሶ ጥይቷን በታጠፈ ጆንያ ላይ አስተኛት፤ በራሷ ጊዜ ቀዘቀዘች። በጥፍር ሲጫኗት በመከራ ትንሽ ምልክት ትቀበላለች። ስትወድቅ አትጮህም፣ ድምም አትልም፤ በመካከሉ ነው ድምፅዋ።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ቀለሃዎቹን አሰናዳ። አፈሙዙን እስኪያበራ ወለወለና በሌላ ካርቶን ላይ በሁለቱ ሞከረ። ሁለት ክብ ቀዳዳ፣ በመካከላቸው አራት ጣት። አድማሴ ጣቶቹን መልሶ መላልሶ እላዩ ላይ ለካ። ሦስት ጥይት ቀረው።

ከርከሮው ሰኞ አልመጣም፤ ማክሰኞና ረቡዕም አልመጣም። አስናቀው ግብር ሰብሳቢው ለስብሰባ ተጠርቶ ይሆናል አለ። ሐሙስ ጠዋት፣ ማዶው ገና ግራጫ እያለ፣ አገዳ ሲሰበር ተሰማ። አድማሴ ካቡ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ብዙዬም ከማማዋ ላይ ነበረች። ከርከሮው ልማዱን ይዞ በራሱ መንገድ መጣ፤ ባዶው ቦታ ላይ ደርሶ አንገቱን አቀና። ከጀርባው አፈር እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። አድማሴ ቃታውን ሳበ።

ጢሱ ሲገለጥ ከርከሮው ከቆመበት አልነበረም። እንደገና ሳትኩ ብሎ ልቡ ወረደ። ከዚያ ከማሽላው ጫፍ አሥር እርምጃ ወዲያ፣ የገደሉ መንገድ ላይ ተጋድሞ አየው። ሄዶ አጠገቡ ቆመ። ቅርፊት የመሰለው ጭቃ በጎኑ ላይ እንደደረቀ ነው፤ ያች ለስላሳ እርሳስ ከክንዱ ኋላ በክብ ቀዳዳ ገብታለች። አድማሴ ደስ ብሎት ነበር፤ ግን ከርከሮውም ለሆዱ ነው የመጣው ብሎ አሰበ። ክርስቲያኑም እስላሙም የማይበላው ስለሆነ ጎልማሶቹ በጠፍር ስበው ወደ ገደሉ አወረዱት፤ እስከ ቀትር አሞራ ዞረበት። ሌሎቹ ከርከሮዎች ተኩሱን ሰምተው ነው መሰል አዝመራው እስኪያልቅ ድርሽ አላሉም።

ብዙዬ ከማማው ወርዳ ስትመጣ መጀመሪያ ያየችው ሬሳውን ሳይሆን ማሽላውን ነው። ሩቡ ያህል ጠፍቷል። የቀረው ግን ራሱን አዘንብሎ፣ ፍሬው ቀልቶ ቆሟል። በእጇ አንዱን ራስ ደግፋ ክብደቱን ለካች። አፏን ልትከፍት ስትል አድማሴ ቀደማት።

«እታለም፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ብዙዬ ግራ ገብቷት አየችው። «ይህን የምለው እኔ መሆን የለብኝም?»

«ለዚያ ዓመት ነው። ታምሜ ለከረምኩበት። ለታደለ ልለው ስል በሬ ሊያሳየኝ ወሰደኝ፤ ከዚያ በኋላ አመለጠኝ።»

ብዙዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። አድማሴ የተናገረው ቃል አጭር ሆኖበት ሌላ ሊጨምር ፈለገ፤ የሚጨመር ግን አጣ። ስምንት ዓመት የተሸከመው ይህችው ነበረች።

«በሬው አላነከሰም ነበር እኮ» አለች ብዙዬ። «ማታ እየሳቀ ነገረኝ። ስታመሰግነው ምን እንደሚመልስልህ ጨንቆት ነው።»

ከበላያቸው የወፍ መንጋ ዞሮ ማሽላው ላይ አረፈ። ብዙዬ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና እጇን ዘረጋች።

«ወንጭፉን አቀብለኝ። ያ ሲሄድ እነዚህ መጡ።»

ማሽላው በታኅሣሥ አጋማሽ ታጨደ። አድማሴና አስናቀው ከነቤተሰባቸው ወጥተው አብረው አጨዱ፤ ተወቃ፤ ጎተራው አልሞላም፣ ግን እስከ ሰኔ ያደርሳል። የኔአለም ፎቶዎቿን ምን እንዳደረገቻቸው ማንም አልጠየቃትም። ሀጀራ ዘንድ ግን ሄዳ ነበር፤ አንድ ሙሉ ከሰዓት ተቀምጠው ተጫውተው መምጣቷን ለእናቷ ነግራታለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አድማሴ ስንቋን በአህያው ጭኖ መካነ ሰላም ሊያደርሳት አብሯት ወጣ። ከእህሉ ጎን በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ከባድ ነገር ነበር። ከከተማው መግቢያ አስናቀው አሁንም እዚያው ቤት ላይ ነው። ከአንድ ወር በላይ በዚያ ክር ድንጋይ አንጠልጥሎ ሲሠራ ሠራተኞቹ «ባለ ድንጋዩ» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ስም ማውጣት የሚወድ ሰው የራሱን ሲያገኝ አልወደደውም።

አድማሴ ጨርቁን ፈታ። ከጎሚስታው ቆርቆሮ ሙሉ ካመጣው እርሳስ የተረፈውንና ያልተተኮሱትን ጠንካራ ጥይቶች አንድ ላይ አቅልጦ፣ ጋሽ ሀምዱ ባበጁለት የቆርቆሮ ቅርጽ ያፈሰሰው ቱንቢ ነበር። ይህኛውን ከነትኩሳቱ ውሃ አጠጥቶታል።

አስናቀው ተቀበለው። በጥፍሩ ጫረው። አልተጫረም። ወደ ብሎኬት ጠርዝ ወስዶ ሆን ብሎ መታው፤ ድምፁ እስከ ቤቱ ውስጥ ተሰማ፤ ጉንጩ ላይ ግን ምንም አልታየም። መምሬ ያለው የሰጡት እኮ እየተቀጠቀጠ ሦስት ጊዜ በሞረድ አስተካክዬዋለሁ አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። ከኪሱ ክሩን አወጣ፤ ድንጋዩን ፈትቶ ጣለ፤ አዲሱን አሰረ።

ወደ ግድግዳው ጫፍ ወጥቶ ቱንቢውን ሲለቀው ወዲያ ወዲህ መወዛወዝ ጀመረ።

«እስኪቆም ማንም እንዳይናገር» አለ አስናቀው።

አድማሴ ወደ ላይ ቀና አለ። የኔአለም የአህያውን ገመድ ይዛ ጠበቀች። ሠራተኞቹም አካፋቸውን ተደግፈው ቆሙ። ቱንቢው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጣና ከግድግዳው በፀጉር ስፋት ርቆ ቀጥ አለ። አስናቀው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ቤትህን ልሠራልህ ነው» አለ ከላይ ሆኖ። «ዘንድሮ አይንጋደድም።»